በስም ዝርዝር ፋንታ የሰጠሁት ወረቀት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በነቢያት ጾም ነው። ከእኅቴ በቀር ለማንም አጫውቼው አላውቅም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ፊቴ በእፍረት ይግላል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ልቤ ረጋ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላም ሰው ደርሶበት ይሆን ብዬ ልጻፈው አልኩ።

እኔ የይርጋለም ልጅ ነኝ። ላሊበላ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። እሱ የላስታ ሰው ነበር፤ ለመንገድ ቅየሳ ሥራ እኛ አገር መጥቶ ነው የተዋወቅነው። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። እሱ ካረፈ በኋላም መቃብሩን ትቼ፣ ሥራዬንም ጥዬ መመለስ አልሆነልኝም። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ፋይል እከፍታለሁ፣ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ። የአገሩ ሰው ክፉ አይደለም፤ ያከብረኛል። ግን ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬም «የደቡቧ» እየተባልኩ ነበር የምጠራው። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ በሬን ከዘጋሁ እስከ ሰኞ ጠዋት የራሴን ድምፅ የማልሰማበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቴ አረፈች። መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክም የጠፋበት ጊዜ ነበር። መርዶዋን የሰማሁት ከተቀበረች ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው። በኛ በኩል ሰው ሲቀበር የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። የእናቴ አልተነበበም።

«አንቺን ስንጠብቅ ነው የቀረው» አለችኝ እኅቴ በላይነሽ፣ ስልክ የተከፈተ ጊዜ። «ከቤታችን የምትጽፍ አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ይጻፍላት?»

ሙት ዓመቷ ሲደርስ መንገዱ አሁንም አያስተማምንም ነበር። ልሄድ አልቻልኩም። በላይነሽ ደወለችና «የተዝካሯ ቀን ቅዳሜ ሳምንት ነው። ሰው ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ይነበብላት። ጽፈሽ እስከ ሐሙስ በስልክ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። አሁንም ካልተነበበላት ከዚህ በኋላ ሰው የሚሰበሰብላት ቀን የለም» አለችኝ።

ይኼ እንዴት ይከብደኛል ብዬ ነበር። ሥራዬ መጻፍ ነው። ከቢሮ ስመለስ ቁጭ አልኩና በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። ወይዘሮ ዘነበች ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ፤ በመንግሥት ሥራ ለረጅም ዘመን አገለገሉ፤ በሥራቸው ታታሪ፣ በጠባያቸው ሰው አክባሪ ነበሩ። ሰባት መስመር ሆነ። ለበላይነሽ በስልክ አነበብኩላት።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«የማን ነው?»

«እንዴ በላይነሽ! የእማዬ ነዋ።»

«የጎረቤታችን የእትዬ ፋናዬም ሲነበብ ይኸው ነበር» አለች። «ስሙን ቀይረሽ ነው የላክሽልኝ?»

ተቀየምኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። እውነቷን ነበር። እናቴ እዚያ ወረቀት ላይ የለችም።

በማግሥቱ ሌላ ጻፍኩና ቀደድኩት። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሰዋስው ይስተካከላል፣ አንቀጽ ይገጥማል፣ ሰውዬዋ ግን አትመጣም። ሰው እናቱን እንዴት ይረሳል ብዬ ራሴን ፈራሁት።

ግቢያችን ውስጥ ከኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትርንጎ የምትባል የፍላቂት ልጅ ተከራይታ ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ናት፤ ወጣት፣ ተጫዋች፣ አፏ ላይ ያለው አይቀርባትም። ከሥራ መልስ በሬ ላይ ተቀምጬ ወረቀት ስቀድ አየችኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ወረቀቱ ምን በደለዎት? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲቀደድ እሰማለሁ።»

ነገርኳት። አልሳቀችም፤ አጠገቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«የኔም ተማሪዎች እንደርስዎ ናቸው» አለች። «ስለ ቤታችሁ ጻፉ ስላቸው ‹ቤታችን ጥሩ ቤት ነው› ይሉና ሰዓቱ እስኪያልቅ እስክሪብቶ ሲነክሱ ይቆያሉ። ስለዚህ አሁን ሌላ ነገር ነው የማሠራቸው። አሥር ደቂቃ እጃቸው ሳይቆም መጻፍ። አይሰረዝም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይነበብም፣ ፊደል አይታረምም። ያልመጣለት ሰው ‹ምንም አልመጣልኝም› ብሎ ይጽፋል እንጂ አያቆምም።»

«ይኼማ መቀባጠር ነው» አልኳት።

«አዎ፣ መቀባጠር ነው። ማን ያይብዎታል?»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቃሌን አጣርቼ የምናገር ሰው ነኝ። ከአፋችን ስለሚወጣው ስለ እያንዳንዱ ቃል እንደምንጠየቅ እየተነገረኝ ነው ያደግሁት። አፍ የተናገረውስ ነፋስ ይወስደዋል፤ ወረቀት ላይ የወረደ ግን ተቀምጦ ይመሰክራል።

«ኃጢአት ቢሆንስ?» አልኳት።

ይኼኔ ሳቀች። «አብሽሩ እትዬ። ከእርስዎ ኃጢአት እስኪወጣ አሥር ደቂቃ አይበቃም።»

ስልኳን በአሥር ደቂቃ እንዲጮህ ሞልታ ሰጠችኝና ወደ ክፍሏ ገባች። እኔም አማተብኩና የተበላሸ ቅጽ ገልብጬ ጀመርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «ጉዳዩ» የሚል ነው። ከእጄ አልወጣ አለ። ከዚያ «ምንም አልመጣልኝም» እያልኩ ገጹን ሞላሁት። ስልኩ ሲጮህ ገላገለኝ።

በማግሥቱም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ስለ ቢሮው መስኮትና ስለ ስኳር መወደድ ጻፍኩ። ትርንጎ «መጣ?» ስትለኝ «የመጣው ስኳር ነው» አልኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሆነ። ብርድ ነበር። ምንም አልመጣልኝም፣ እጄ ደከመኝ፣ እጄ ቀዝቅዟል፣ የቧንቧው ውኃ ያንገበግባል ብዬ እየጻፍኩ ሳለ፣ ከውኃው ቀጥሎ የእናቴ እጅ መጣ። ጣቶቿ ያበጡ፣ ጥፍሯ ሥር የነጣ፣ በረኪና በረኪና የሚሸት እጅ። እናቴ የሆስፒታል አጣቢ ነበረች። በሰባቱ መስመር ውስጥ «በመንግሥት ሥራ» ብዬ ያለፍኩት ይኼን ነው።

እጄ አልቆመም። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላ ስትጨምቅ አግዛት ነበር። አንሶላ መጭመቅ ለብቻ አይሆንም፤ አንድ ሰው በዚህ ጫፍ፣ አንድ ሰው በዚያ ጫፍ ይዞ፣ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እንጠመዝዘዋለን። እየጠመዘዘች ትጸልያለች። የተኛበትን ሰው አታውቀውም፤ የምታውቀው የጨርቁን እድፍ ነው። «ይቺ የወለደችው ናት፤ እመቤቴ ጡት ትስጣት። ይኼ ሌሊቱን ሲያልበው ያደረው ሰውዬ ነው፤ ዛሬስ ይቅለለው። የባለ ዘጠኝ ቁጥሩ አንሶላ ዛሬ አልመጣም፤ ወይ ድኖ ሄዷል ወይ ነፍሱን ይማረው።» እንዲህ እያለች ቀኑን ሙሉ። ይኼን ሁሉ የት አስቀምጬው እንደኖርኩ አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣውን ግን አውቀው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ይርጋለም የሄድኩ ጊዜ ሳልነግራት ሥራ ቦታዋ ደረስኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። የአንሶላውን አንድ ጫፍ በልብስ ማስጫው ብረት ላይ አስራ፣ ሌላውን ጫፍ ይዛ ብቻዋን ትጠመዝዛለች። ብረቱ ስለማይዞርላት ሁለት እጥፍ መጠምዘዝ ነበረባት። አላየችኝም። ወደ ኋላ ተመልሼ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ስትወጣም ገና እንደደረስኩ ነገርኳት።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩትን ልደግመው አልፈልግም። ባልሽን ተከተዪና ሂጂ ያልሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ እናቴን ተቆጣኋት። ለእግዚአብሔርም አንድ መስመር ጻፍኩ። መውሰዱን ውሰዳት፣ ስልኩን እንኳ ብትከፍትልኝ ምን ነበረ የሚል ነው።

ስልኩ ጮኸ። የጻፍኩትን ማንበብ ቀርቶ መንካት ፈራሁ። የሚጠቅመኝን ሰኞ ገልብጬ አቃጥለዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ለአራት አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ ጠዋት ለሙት ዓመቷ የሙታኖቼን የክርስትና ስም ጻፍኩ፦ የእናቴን፣ የአባቴን፣ የባለቤቴን። እሱንም ለአራት አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አኖርኩ። ከቅዳሴ በፊት ሰዉ ስም ይሰጣል፤ ካህኑ በጸሎቱ መካከል ያስባቸዋል። የንስሐ አባቴ መምሬ አድማሱ በር ላይ ቆመው የሰዉን ወረቀት ሲሰበስቡ አገኘኋቸው። ከኋላዬ ብዙ ሰው ነበር። አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ይዘው ገቡ።

ቅዳሴው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዳዊቴን ገለጥኩ። የስም ዝርዝሩ እዚያው አለ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ሴት ገብታ የምትጠይቅበት ቦታ አይደለም። ያ መስመር መቅደስ ውስጥ ገብቷል። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ክንዴን ይዛ «ምነው እቴ፣ አመመሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ ከተባለው አንድም አልሰማሁም።

ቅዳሴ ሲያልቅ ብፈልጋቸው መምሬ የሉም። በሌላው በር ወጥተው ወደ ገነተ ማርያም በኩል ለተዝካር ሄደዋል፤ የሚመለሱት ማክሰኞ ነው አለኝ ዲያቆኑ።

ያን ሁለት ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰኞ ለሁለት ደብዳቤ አንድ ቁጥር ሰጠሁ፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ማታውን ያለ ወረቀቱ ልጽፈው ሞከርኩ። እንደገና «ወይዘሮ ዘነበች ከአባታቸው» አለ እጄ። ሐሙስ ደግሞ እየደረሰ ነው። ቃሎቹ ከወረቀቱ ጋር ሄደው ነበር። ከዚያ በላይ ያስጨነቀኝ ግን መምሬ ምን ይሉኛል የሚለው ነው። ይህች ሴት ከፈጣሪዋ ጋር ልትጣላ ነው ለካ የምታስቀድሰው ይሉኛል፤ ከቁርባንም ይከለክሉኛል እያልኩ ሳሰላስል ቆየሁ። ከዚህ አገር ያለኝ ትልቁ ዘመድ እሳቸው ናቸው።

ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። መምሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምኩ።

«መምሬ፣ እሑድ የሰጠሁዎት ወረቀት…» ብዬ ጀመርኩ።

«እህህ፣ እኔም ስለ እሱ ስፈልግሽ ነበር» አሉ። «ነይ ቁጭ በይ። ልጄ፣ የስም ዝርዝር እንዲህ ይረዝማል? እንደው ስንት ሰው ነው የሞተብሽ ብዬ ደነገጥኩ።»

«ተሳስቼ ነው አባ። ሌላ ወረቀት ነው።»

«እኔ በምን አውቄ። ዓይኔ እንደምታውቂው ነው፤ ጽሕፈትሽ ደግሞ እንደ ጉንዳን ይሮጣል። ከዚያ ሁሉ ስም ያለው አንድም አላገኘሁም። የወለደችው ይላል። ያላበው ሰውዬ ይላል። ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ ይላል። የክርስትና ስም ካልጻፍሽ ሰው እንዴት ይታሰባል? ሰዓቱ ደግሞ ደርሷል።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እንደ ጻፍሽው አሰብኳቸዋ። ያላበውን ሰውዬ አስበው፣ የወለደችውን አስባት፣ ባለ ዘጠኝ ቁጥሩንም አስበው፣ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ አልኩ። ከጎኔ የቆመው ቄስ እንዴት እንደ ገላመጠኝ ብታዪ።» ከዚያ «ዘመዶችሽ ናቸው?» አሉኝ።

እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ የእናቴን ሥራ ነገርኳቸው። አንሶላውን፣ እድፉን፣ ጸሎቷን። እናቴ እነዚያን ሰዎች ያየቻቸው አንድም ቀን እንዳልሆነ፣ እኔም እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። ምናልባት ዛሬ በሕይወት የሌሉ፣ ምናልባትም የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። መምሬ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዓይናቸው ግን ሁልጊዜም ያለቅሳል።

«የመጨረሻውንስ አነበቡት?» አልኳቸው።

«የትኛውን?»

«ለእግዚአብሔር የጻፍኩትን።»

«አየሁት» አሉ። «እሱ ለኔ የተጻፈ አይደለም። ለተጻፈለት እዚያው አድርሻለሁ።»

«ኃጢአት ነው አባ?»

«ለንስሐ ስትመጪ እንነጋገርበታለን። ዛሬ የመጣሽው ለወረቀትሽ ነው፤ እንኪ።»

ጥግ ጥጉ ላይ የጧፍ ሰም ነጥቦበታል። ይዤ ወደ ቤቴ ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። መምሬ መንበር ፊት ያልተጸየፉትን እኔ በእናቴ ጎረቤቶች ፊት ለምን አፍርበታለሁ? ያን ዕለት ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብኝ ጻፍኩት። ቁጣውን ተውኩት፤ እሱ የኔ ነው። «አጣቢ ነበሩ» ብዬ ጀመርኩ። የብረቱን ነገር ልሰርዘው ሦስት ጊዜ እጄ ሄዶ ነበር፤ በመጨረሻ እንዳለ አቆየሁት። እየጻፍኩ ሳለ ደግሞ ጨርሶ የረሳሁት ሌላ ነገር መጣ፤ እሱንም ጨመርኩት። ረቡዕ ላክሁ። በላይነሽ «ደርሷል» ብቻ ብላ መለሰችልኝ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ደወለች። «ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደርገዋለሁ፤ ስሚ» አለችኝ። ግቢያችን ውስጥ ስልክ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ነው፤ እዚያ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምኩ። ትርንጎ በሯ ላይ ሆና ታየኝ ነበር፤ ልትጠጋ ፈልጋ ተወችኝ።

ያነበበችው ራሷ በላይነሽ ናት። «አጣቢ ነበሩ» ብላ ጀመረች። አንሶላውንና ጸሎቱን አነበበች። ከዚያ ያ የጨመርኩት ላይ ደረሰች። አንድ ሐኪም እስክሪብቶ ጋዋኑ ኪስ ውስጥ እየረሳ ቀለሙ ሌላውን ልብስ ሁሉ ያበላሽባት ነበር። ሦስት ጊዜ ለመነችው። በአራተኛው ጋዋኑን ውኃው እየተንጠባጠበ ይዛ ሄደች፤ ወንበሩ ላይ አልብሳለት ወጣች። ሐኪሙ ሳያይ ተቀመጠበት። ይኼ ሲነበብ የሴቶች ሳቅ ሰማሁ። አንዲት ድምፅ «እውነት ነው፣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ» አለች። ሳቁ በረታ። እኔም ቧንቧው አጠገብ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ እሷን አስታውሼ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥሎ ብረቱ ጋ ደረሰች። ድምፅዋ ተቆረጠ። ሰው «አይዞሽ» ሲል ይሰማል። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። መጨረሻውን አልሰማሁትም።

በማግሥቱ በስልክ ስታገኘኝ ገና ሰላም ሳንባባል ነው የጀመረችው።

«ያን ብረት አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ።»

«አንቺ ምን ያሳፍርሻል? ባሕር ተሻግረሽ እንደሄድሽ ሩቅ ነበርሽ። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጫፉን መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝ።» ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻዬን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። እናቴም ብቻዋን ነበረች፤ በላይነሽም እንደዚያው።

አሁን ሳስበው በዚያ ወረቀት እኅቴን ማሳዘኔ ይቆጨኛል፤ ምነው ባልጻፍኩት የሚል ሐሳብ ግን አይመጣብኝም። ያን መስመርም ለመምሬ ለንስሐ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ፤ እሱ በኔና በሳቸው መካከል ነው። ትርንጎ ወደ ኩልመስክ ተዛውራለች፤ ክፍሏ ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል፤ ከሰላምታ አናልፍም። ሰዉም አሁንም የደቡቧ ይለኛል። እሑድ በሬን ስዘጋ ዝምታው ያው ነው። አሥሩን ደቂቃ ግን አልተውኩም፤ ከቅዳሴ መልስ እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚረባ ነገር አይወጣውም።

ከሰዓት በላይነሽ ትደውላለች። ከዚያ ወዲህ ሳትደውል የቀረችው ኔትወርክ ሲጠፋ ብቻ ነው።

«ዛሬስ ምን ጻፍሽ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ።

«በይ ምንሙን አንብቢልኝ» ትለኛለች። መነጽሬን አድርጌ አነብላታለሁ።